ጓያ ብቻውን የቀረ ጊዜ፦ የደላንታ ዳውንት ጉዳይ

ደላንታ ወረዳ፣ ወገል ጤና ገበያ፣ እህል ተራው ዳር፣ ሁለት ምርኩዝ አጠገቡ አጋድሞ ምስር የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። ተቀምጦ ሲያዩት ምንም ጉድለት የለበትም። ትከሻው ሰፊ ነው፣ ጣሳውን ሲሰፍር እጁ አይንቀጠቀጥም፣ በሒሳብም የሚሸውደው የለም። ነገሩ የሚታየው ሊነሳ ሲል ነው። ምርኩዞቹን ይተክላል፣ በክንዱ ጉልበት ራሱን ያነሳል፣ ከዚያ ጉልበቶቹ እንደታጠፉ ተጠጋግተው፣ ተረከዙ መሬት ሳይነካ፣ በእግሩ ጣቶች ቆሞ አንዱን እግር በሌላው ፊት እያጠላለፈ ይሄዳል። ጫማውን ከኋላ ብታዩት አፍንጫው አልቆ ተረከዙ ገና አዲስ ነው።

«አያ፣ ምን አግኝቶህ ነው?» አልኩት።

«ጓያ ሰበረኝ» አለ፣ የትናንት ጉንፋን እንደሚያወራ ሰው። «ሰማንያ ዘጠኝ ላይ። ልጅ ነበርኩ። ከብት ስጠብቅ ውዬ ልነሳ ስል እግሬ እምቢ አለኝ።»

ሰማንያ ዘጠኝ ያለው 1989 ዓ.ም.ን ነው። በዚያ ሰሞን የተሰበረው እሱ ብቻ አልነበረም። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት አራት አምስት ዓመታት፣ ያኔ ደላንታ ዳውንት ተብሎ በአንድ ስም ይጠራ በነበረው ወረዳ፣ ከ2,000 በላይ ሰው ጓያ የሚባለውን ጥራጥሬ በልቶ እግሩ ሽባ ሆኗል። ሐኪሞቹ በጽሑፋቸው «ወረርሽኝ» ብለውታል። ወረርሽኝ ሲባል ተላላፊ ይመስላል፤ ይህ በሽታ ግን ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። የመጣው ከጓዳ ነው።

ስለ ተመጣጠነ ምግብ ሲወራ ብዙዎቻችን የሚታወሰን ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ነው፤ እንቁላል፣ ካሮት፣ ወተት፣ አንድ የሚያምር ብርቱካን። ሥዕሉ ስህተት የለበትም፣ ግን ማንንም አስደንግጦ አያውቅም። እኔ የተመጣጠነና ያልተመጣጠነ ምግብ ልዩነት ደላንታ ዳውንት ላይ እንደታየው አፍጥጦ የታየበት ቦታ አላውቅም። እዚያ ሕዝቡ ጓያ ሲበላ የመጀመሪያው አልነበረም። አያት ቅድመ አያቱ በልተውታል፣ በእግራቸውም ቆመው ኖረዋል። ያን ጊዜ የተለወጠው ከጓያው ጋር የሚበላው ነገር ነው። መጀመሪያ አነሰ፣ ከዚያ ጠፋ።

አገሩን ለማያውቅ፦ ደላንታ ከደሴ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በበሽሎና በጅጣ ገደሎች መካከል የተቀመጠ አምባ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ መድፋቸውን ሲያስጎትቱ ይህን ሜዳ አቋርጠዋል። ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ዛሬ ደላንታ ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ዳውንት ደግሞ ሰሜን ወሎ ውስጥ ለየብቻ ወረዳ ናቸው፤ የደላንታም ስም በውጭ አገር ገበያ የሚነሳው ኦፓል በሚባለው የከበረ ድንጋይ ነው። ገበሬው ግን እንደ ድሮው በልግ ሲዘንብ ገብስ፣ ክረምቱ ሲያምር ስንዴና ምስር ይጠብቃል። የሜዳው አፈር ዋልካ ነው፤ ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ለእንዲህ ያለ አፈር እንደ ጓያ የሚመች የለም። ዝናቡ ሊወጣ ሲል ይበተናል፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ያድጋል፣ ማዳበሪያ አይጠይቅም። ውሃ ቢተኛበት ይችላል፣ ዝናብ ቢቀርበት ይችላል። ሲደርስ በማጭድ አይታጨድም፣ ይነቀላል። «እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን ማየት» የሚባለውም ከዚህ ነው፤ ነቃዩ አጎንብሶ ከፊቱ ያለችውን እየነቀለ ሲሄድ ማሳው የት እንደሚያልቅ አያይም። ተረቱ ብዙውን ጊዜ ለባለሥልጣን ነው የሚወረወረው። ለተራበ ሰው ግን የፊት የፊቱን ከማየት ሌላ ምን ምርጫ አለው?

በ1987 እና በ1988 ዓ.ም. ዝናቡ ከዳ። ሌላው አዝመራ ሲመታ ጓያው ቆመ። ደግነቱም ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ያ እህል ባይኖር ሰው ይሞት ነበር፤ ወሎ 1966ንም 1977ንም ያየ አገር ነውና ሞት ምን እንደሚመስል የሚነግረው አያስፈልገውም። ጓያው ሕይወት አተረፈ። ቁርስም ምሳም ራትም እሱ ሆነ፣ ለሳምንታት፣ ከዚያም ለወራት። ለዚህ በሽታ የሚያጋልጠው በደምሳሳው ይህ ነው፦ ሰውነት በቀን ከሚያገኘው ምግብ ሲሶውና ከዚያ በላይ የሚሆነው ከጓያ ብቻ ሲመጣ፣ ያም ለሁለት ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቀጥል።

አመጣጡ ድንገተኛ ነው። ብዙዎች ቀኑን ያስታውሱታል። ሥራ ላይ ውሎ የደከመ ሰው እግሩ ይከብደዋል፣ ባቱ ይጨመደዳል፣ ጠዋት ከመደብ ሊነሳ ሲል ጉልበቱ አይታዘዝለትም። አንዳንዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ምርኩዝ ይይዛል። ከዚያ ይቆማል፤ አይብስም፣ አይሻልም። አንዳንዱ ያለ ምርኩዝ እያነከሰ ይኖራል፣ አንዳንዱ በአንድ፣ ሌላው በሁለት ምርኩዝ፣ የከፋበት ደግሞ በእጁና በቂጡ ይድኻል። አእምሮው ደህና ነው። እግሩን ብትቆነጥጡት ይሰማዋል። ዕድሜውም አያጥርም። ያን የምስር ነጋዴ ሳየው ከሁሉ የከበደኝ ይኸኛው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁሉ ነገሩ ጤነኛ ሆኖ እግሩ ብቻ የዚያ ረሀብ ንብረት ሆኖ መቅረቱ።

ይህን ጉዳይ ለዓለም ያሳወቁት እዚያው አካባቢ የሠሩ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከእነሱም መካከል የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የቤልጅጉ ተመራማሪ ፈርናንድ ላምባይን ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ1999 ወረርሽኙን «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አስታወቁ፤ በኋላም ወደ ቤቶቹ ተመልሰው የታመመውንና ያልታመመውን እያነጻጸሩ ጠየቁ። የጠየቁት ነገር ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ እምብርት ነው። «ጓያ በልተሃል ወይ?» ብለው ቢያቆሙ ኖሮ ሁሉም በልቻለሁ ስለሚል ምንም ባልተገኘ ነበር። «እንዴት ተሠርቶ? ከምን ጋር?» አሉ።

መልሱ ይህ ሆነ። ጓያን ቆልቶ፣ ንፍሮ አድርጎ፣ ወይም ከማሳው እሸቱን ፈልፍሎ የበላ ሰው የመሰበሩ ዕድል ከፍ አለ። በእንጀራ፣ በቂጣ ወይም በወጥ መልክ የበላው ግን እንዲያ አልሆነም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከገባበት ወጥ ጋር የበላው ደግሞ አደጋው በአራት እጥፍ ያህል ቀነሰለት። ከእህል ጋር የተቀላቀለውም እንዲሁ። አንድ ወረዳ፣ አንድ ጓያ፣ አንድ ድርቅ ነው። ልዩነቱ የተፈጠረው ጓዳ ውስጥ ነው።

ጓዳውን ጠጋ ብለን እንየው። በደህና ዘመን የጓያ ሽሮ እንዴት ይሠራል? ጓያው ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ገለባው በሰፌድ ይነፋል። ክኩ ከቅመሙ ጋር ተደባልቆ ይፈጫል። ከዚያ ድስት ይጣዳል፦ ቀይ ሽንኩርት ይቁላላል፣ ዘይት ጠብ ይላል፣ በርበሬው ይገባል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይደቆሳል፣ ውሃው ሲፈላ ሽሮው እየተበተነ ይማሰላል። ይህ ሁሉ አልቆ የሚወጣው ወጥ በአንድ እንጀራ ላይ ሁለት ጭልፋ ነው። እንጀራው ደግሞ ሌላ እህል ነው፤ ገብስ ወይም ስንዴ፣ ጤፍ ያለውም ጤፍ፣ ቀናት የቦካ። ጎራሹ አስር ጊዜ ሲጎርስ አብዛኛው የሚውጠው እንጀራውን ነው። ጓያው አጃቢ ነው።

ችግር ሲመጣ ይህ ገበታ በአንዴ አይፈርስም፤ ተራ ይዞ ነው የሚጎድለው። መጀመሪያ ዘይቱ ይቀራል። ሽንኩርት በገንዘብ የሚገዛ ነገር ነው፣ እሱም ይከተላል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉም ይረሳሉ። ከዚያ የእንጀራው እህል ያልቅና ጓያው ራሱ ቂጣ መሆን ይጀምራል፤ መጀመሪያ ከገብስ ጋር ተደባልቆ፣ ቀጥሎ ብቻውን። ማገዶና ውሃ ሲጠፋ፣ እናትም ሲደክማት፣ መከካቱም መፍጨቱም ይቀራል። በመጨረሻ የሚቀረው ምጣድና እሳት፣ ወይም ማሰሮና ውሃ ነው፤ ቆሎና ንፍሮ። ሐኪሞቹ አደገኛ ብለው የለዩዋቸው አሠራሮች ድህነት ሁሉንም ከወሰደ በኋላ የሚተዋቸው ናቸው። ስለዚህ «ቆሎ ጎዳው» ሲባል ስሰማ፣ ቆሎው የመጨረሻው ደረጃ እንደሆነ፣ ከሱ በፊት አምስት ስድስት ነገር ከዚያ ቤት እንደወጣ አስባለሁ።

አሁን ወደ ልጆቹ። ከተጎዱት የሚበዙት ወንዶች ናቸው፤ በተለይ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ክፉኛ ተመቱ። የወንድና የሴት ልዩነት ሌላ አገርም የታየ ነው፣ ከሆርሞን ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ደላንታ ላይ ግን የእረኛውን ውሎ ማሰብ ብቻ ብዙ ነገር ይገልጣል። እህቱ ቤት ስለምትውል እናቷ ከሠራችው ሁሉ ትቀምሳለች። እሱ ጠዋት የኪሱን ቆሎ ይዞ ይወጣል፣ ከብቱን ሜዳ ላይ ይለቃል፣ ቆሎው ሲያልቅበት ጓያ ማሳ ውስጥ ገብቶ እሸቱን ይፈለፍላል። ማንም አይቆጣውም፣ ጓያ ነዋ። ስንዴ ቢሆን ይገረፍ ነበር። ቀኑን ሙሉ ይሮጣል፣ ገደል ይወርዳል፣ ይወጣል። ማታ ሲገባ የሚጠብቀው ንፍሮ ነው። ሰውነቱ ደግሞ ገና እያደገ ነው፤ ሥጋና ነርቭ የሚሠራበት ብዙ ነገር ይፈልጋል።

ነጋዴውን «አንተ ምን ነበር የምትበላው?» ብዬ ስጠይቀው ሳቀ። «ምን ያልበላሁት አለ ብለህ ነው? ጠዋት የጓያ ቂጣ፣ ቀን የጓያ ቆሎ፣ ማታ የጓያ ንፍሮ። ሦስት ዓይነት ምግብ እኮ ነው!»

በስም ሦስት ነው። በሰውነቱ ውስጥ ግን አንድ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኬሚስትሪው መግባት ግድ ነው።

ጓያ ደካማ ምግብ አይደለም። ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ስንዴ ግማሹን ብቻ ነው የሚይዘው። ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ሃያ ያህል ነገሮች ሲሆን፣ ዘጠኙን ሰውነታችን ራሱ ማዘጋጀት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ቤት ሲሠራ ምሰሶው ሞልቶ ማገሩ ከጎደለ ሥራው በማገሩ ልክ እንደሚቆም፣ ፕሮቲንም ከሁሉ ባነሰው አሚኖ አሲድ ልክ ይቆማል። ጓያ ላይሲን የሚባለውን በብዛት ይዟል፤ ሰልፈር ያለባቸው ሁለቱ፣ ሜታዮኒንና ሲስቲን፣ ግን ያጥሩታል። ስንዴና ገብስ ተቃራኒ ናቸው፤ ላይሲን ያንሳቸዋል፣ ሰልፈር ያለባቸውን ግን በተሻለ ይዘዋል። ሽሮን በእንጀራ የሚበላ ሰው ይህን ሳያውቅ አንዱን በሌላው ይሞላል። እናቶቻችን ስለ አሚኖ አሲድ ሰምተው አያውቁም፣ እንጀራ የሌለበት ወጥ ግን ለሰው አቅርበው አያውቁም።

የጓያ ሁለተኛው ጉዳይ መርዙ ነው። በእህሉ ውስጥ በተፈጥሮ ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህ ነገር የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡበትን ግሉታሜት ይመስላል፤ ስለሚመስልም በሩን ከፍቶ ይገባና ሴሉን ከመጠን በላይ ይቀሰቅሰዋል። ያለ ዕረፍት የሚቀሰቀስ ሴል ይቃጠላል። መጀመሪያ የሚጎዱት ከአንጎል ተነስተው እስከ ታች ወርደው እግርን የሚያዙት ረጃጅም ነርቮች ናቸው። ሰውነት ግን መከላከያ አለው። ሴሎችን ከእንዲህ ያለ ቃጠሎ ከሚጠብቁት ዋናው ግሉታታዮን ይባላል፣ እሱም የሚሠራው ሰልፈር ካለበት አሚኖ አሲድ ነው። ጓያ የሚያንሰው ያው ነው። እንግዲህ ጓያን ብቻ የሚበላ ሰው መርዙን በአንድ እጁ እየተቀበለ በሌላው እጁ ጋሻውን እየጣለ ነው። ድርቁም ተጨማሪ ክፋት አለው፤ ተክሉ ውሃ ሲጠማው በፍሬው ውስጥ የሚያጠራቅመው ኦዳፕ ይጨምራል። ሰው ጓያን አብዝቶ በሚበላበት ዓመት ጓያው ራሱ የከፋ ነው ማለት ነው።

የወጡ ነገር ያኔ ትርጉም ይሰጣል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልም፣ ሴልን ከቃጠሎ የሚከላከሉ ነገሮች አሏቸው። እኛ ለጣዕም ብለን የምንጨምረው፣ ሲቸግርም «ይቅር» ብለን መጀመሪያ የምንተወው ነገር፣ ለዚያ ልጅ እግሩ ነበር። ቂጣውና እንጀራው ያልጎዱበትን ምክንያት ደግሞ እኔ በከፊል እንዲህ አየዋለሁ፦ ዱቄት ከሌላ ዱቄት ጋር ለመደባለቅ ያመቻል። ቤት ውስጥ አንድ ቁና ገብስ ቢተርፍ ጓያው ዱቄት ውስጥ ይገባል እንጂ ቆሎ ላይ አይባክንም።

ሌላም ነገር ተገኝቶ ነበር። ጓያውን በሸክላ ዕቃ ብቻ የሚያበስሉ ቤቶች ይበልጥ ተጎድተዋል። ሸክላው ራሱ ከአፈሩ አንድ ነገር ይጨምር ይሆን የሚል ሐሳብ ተሰንዝሯል። እኔ ሸክላውን ለመክሰስ አልቸኩልም። በ1989 ዓ.ም. ደላንታ ላይ ከማሰሮና ከምጣድ ሌላ አንድ ብረት ድስት እንኳ የሌለው ቤት ማለት ሽንኩርትም ዘይትም የሌለው ቤት ማለት ነው።

ሕዝቡስ ምን ያምን ነበር? ጓያ እንደሚሰብር ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ከውጭ መጥቶ አላስተማረውም። የሚሰብርበት መንገድ ላይ ነው ልዩነቱ። ብዙ ቦታ የጓያ ንፍሮ ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት ነው የሚሰብረው ይባላል። የጓያ ጭድ ላይ መተኛት፣ ጓያ ማሳ ውስጥ መራመድም ይፈራል። ስለዚህ ድስቱ ሲከፈት ሕፃናት ዘወር ይደረጋሉ፣ እንፋሎቱ እስኪወጣ ይጠበቃል፣ ከዚያ ንፍሮው ቀርቦ ይበላል። ይህን የሚሰማ የከተማ ሰው ይስቃል። እኔ አልስቅም። ወንጀለኛውን በትክክል ይዘዋል፤ የገባበትን በር ነው የሳቱት። እንዲያውም ከልማዶቹ አንዱ ትክክል ነው፦ ጓያን ዘፍዝፎ ማሳደርና ውሃውን መድፋት፣ ሲቀቀልም የመጀመሪያውን ውሃ መለወጥ። ኦዳፕ በውሃ ይሟሟል፣ ከተደፋው ውሃ ጋር ብዙው ይሄዳል። መቁላትና ማፍላት ብቻውን ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ምክሩ ቀላል ይመስላል፤ ዘፍዝፊ፣ ድፊ። ከምንጭ ጄሪካን ተሸክማ ገደል የወጣችን ሴት «ያመጣሽውን ውሃ ድፊው» ማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል። በድርቅ ዓመት ደግሞ ምንጩም ይርቃል። የጤና ትምህርት ላይ ብዙ ጊዜ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ምክሩ እውነት ነው፣ ምክሩን የሚሰማው ቤት ግን ምክሩን መፈጸሚያ የለውም።

ከዚህ ጉዳይ የወጣው ጠቃሚ ነገር ለዚህ ነው ወደ እናቶች ሳይሆን ወደ እርዳታ ሰጪዎች ያነጣጠረው። እ.ኤ.አ. በ2003 የእነ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጽሑፍ እንደገና ላንሴት ላይ ሲወጣ ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ ጓያ በሚበቅልበት አገር ረሀብ ሲገባ የሚላከው እርዳታ ሰልፈር ያላቸው አሚኖ አሲዶች የሞሉበት እህል ይሁን። የእርዳታ ስንዴ ብዙውን ጊዜ የሚሰላው ሆድ በሚሞላበት ልክ ነው፤ ለስንት ሰው፣ ስንት ኪሎ። ደላንታ ዳውንት ላይ ግን ያ ስንዴ መድኃኒትም ነበር። ጓያው ቤት ውስጥ አለ፤ የጎደለው የሚቀላቀለው ነው። በወር ለቤተሰቡ ሙሉ ቀለብ የማይሆን ስንዴ እንኳ ከጓያው ጋር ተፈጭቶ ቂጣ ቢሆን ሚዛኑን ይለውጠዋል። ጊዜው ግን ወሳኝ ነው። ጓያ መበላት ከጀመረ በሁለተኛው ወር የሚደርስ ኩንታልና በስድስተኛው ወር የሚደርስ ኩንታል ክብደታቸው አንድ ይሁን እንጂ አንድ አይደሉም። እግሩ ለተያዘ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ስንዴ ረሀቡን ያስታግስለታል፣ እግሩን አይመልስለትም።

ጓያን መከልከልስ? ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን በሕግ ከልክላ ነበር። ደላንታ ላይ ይህ ቀልድ ነው። ሌላው ሲደርቅ የሚቆመውን ብቸኛ እህል ከገበሬው ቀምቶ በምን ይተኩለታል? ኦዳፕ ያነሰባቸው ዝርያዎች አገራችንም ውስጥ ተለቀዋል፣ ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ንብ ከጎረቤት ማሳ የአበባውን ዱቄት ታመጣለች፣ ዝርያው በዓመታት ውስጥ ይደባለቃል፤ ድርቅ ሲመጣም የተሻለው ዝርያ እንኳ መርዙ ከፍ ይላል። ዘሩ የሚረዳው ገበታው ላይ ሌላ ነገር እስካለ ድረስ ነው።

ይህ የወሎ ብቻ ታሪክ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ማድሪድ እ.ኤ.አ. በ1811 እና በ1812 በጦርነት መካከል ሆና ስትራብ ሕዝቡ የጓያ ገንፎ በልቶ ተርፏል፣ የተሰበረውም ተሰብሯል። አንድ ሰዓሊ ያንን ሥሎታል፤ ገንፎው ሲታደልና አንዲት ሴት መሬት ላይ ወድቃ። የሰዓሊው ስም ጎያ ነው። በስም መመሳሰል እንዲህ የደነገጥኩበት ጊዜ የለም።

ከወረርሽኙ በኋላ ኑሮ እንዴት እንደቀጠለ ብዙ አይጻፍም። መሬት ያለው የእኩል ሰጠ። ክር መፍተል፣ ልብስ መስፋት፣ እንደ ነጋዴው ገበያ ዳር መቀመጥ የቻለ ቻለ። ማረስ የማይችል ወንድ ደላንታ ላይ ሚስት ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ያገኙም አሉ። ነጋዴው ሦስት ልጆች አሉት፣ ትልቁ ሰባተኛ ክፍል ነው። «እሱ ከብት አይጠብቅም» አለኝ ሳልጠይቀው።

ቀትር ሲሆን ገበያው ሳሳ። ምስሩን በጆንያ ቋጥሮ ጎረቤቱ ላለች ሴት አደራ አለ፣ ምርኩዞቹን ተክሎ ተነሳ፣ ወደ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ተያይዘን ገባን። የመጣልን የገብስና የስንዴ እንጀራ ነው፣ መሐሉ ላይ እየተንተከተከ የመጣ ሽሮ፣ ከጎኑ ጥሬ ሽንኩርትና ቃሪያ።

«አያ፣ ይሄ ሽሮ የምን ነው?»

ቀምሶ እንኳ አላረጋገጠም። «የጓያ ነዋ። እዚህ አገር የምን ይሆናል?» አለና እንጀራውን በሰፊው ቆርሶ፣ ሽሮውን በጫፉ ነካ አድርጎ፣ ሽንኩርቱን ጨምሮ ጠቀለለልኝ። «እንካ፣ ጉርሻ እምቢ አይባልም።»